ከደጋው ጨፌ እስከ ቡላኦስ

ጅቡቲ ከተማ በሦስት ኮሙኖች ተከፍላ የምትተዳደር ስትሆን፣ ወደቡንና የቀደመውን የፈረንሳዮች ሰፈር በያዘው በራስ ዲካና ከአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ማዶ በተዘረጋው በባልባላ መካከል፣ በቁጥር በሚጠሩት ሰፈሮቹ ብዙ ሕዝብ አጭቆ የያዘው ቡላኦስ ይገኛል። ሰማዩ በዓመት ከ200 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዝናብ በሚያወርድበት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራትም ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በዚህ ምድር፣ የደጋ ሰው መስክ ብሎ የሚጠራው ነገር ከቶ የለም፤ ፍየል ግን አለ። ባለቤቶቻቸው ማለዳ በር ከፍተው የሚለቋቸው እነዚህ ፍየሎች ከሱቅ ደጃፍ የተጣለውን ካርቶን እየቀደዱ፣ ከቃሚዎች የተረፈውን የጫት ገራባ እየለቃቀሙ፣ ከወጥ ቤት የወጣውን ትርፍራፊ እየተሻሙ ውለው፣ ማታ ጥቂት ወተት በጡታቸው ይዘው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ።

እንስሳ ባለበት ሁሉ የመኖ ታሪክ አለ፤ የቡላኦስ መኖ ታሪክ ግን ከቡላኦስ ብቻ ተነሥቶ ሊነገር የማይቻል ነው። ለወደቡ ሰው ሰንጋውን፣ በጉንና ፍየሉን፣ በኋላም ድርቆሹንና ፍሩሽካውን ወደ ባሕር ሲያወርድ የኖረው ከበረሃው ባሻገር ያለው የኢትዮጵያ ከፍተኛ ምድር በመሆኑ፣ እኔም ትረካውን ሣሩ ከሚበቅልበት ጀምሬ እንደ ጭነቱ ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ባሕሩ አወርደዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልኝ።

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ፣ በዕለተ ሠሉስ ከምድር የወጡትን ሁሉ በእጅ የሚለቀሙ፣ በማጭድ የሚታጨዱና በምሳር የሚቆረጡ ብለው በሦስት ይከፍሏቸዋል። የማጭዱ ወገን የሆኑት ሣርና ማጌት ከዚያች ዕለት ጀምሮ በደጋው ጨፌ ላይ ተለያይተው አያውቁም ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ክረምቱ ሲገባ ሣሩ ቀድሞ ይነሣል፤ ከሥሩ፣ ዓይን ሳያርፍበት፣ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ማጌት እየተሳበ ይስፋፋል፤ ዘመነ ጽጌ ሲብት ሐምራዊና ነጭ አበባውን አውጥቶ መስኩን ያለብሰዋል፤ የላሟ ወተት መጨመሩን ባለቤቷ ከጓዳዋ የምትረዳው በዚህ ወራት ነው። ገበሬውም በበኩሉ በማሳው ላይ ይህንኑ ሥርዓት ያውቀዋል፤ ስንዴ ወይም ገብስ ተደጋግሞ ተዘርቶበት የደከመውን መሬት ባቄላ ወይም አተር ዘርቶ ያሳርፈዋል፤ ጭዱንም ለይቶ ከምሮ የአተሩንና የባቄላውን ለሚያርሰው በሬና ለምትታለበው ላም ያቆያል፤ የጤፉን ገለባ ደግሞ ለቀሪው መንጋ ይሰጣል። ይህን ሲያደርግ ከማንም አልተማረም፤ ምክንያቱን የሚገልጽ ኬሚስትም አላስፈለገውም።

በዚህ ሣርና ማጌት ላይ የውጭ ሰው ዓይን የተጣለው በ19ኛው ምዕተ ዓመት በሠላሳዎቹ ዓመታት ነው። የፍራንክፈርት ሰው ኤድዋርድ ሩፔል ከምፅዋ ተነሥቶ በትግራይና በስሜን በኩል እስከ ጎንደር በተጓዘ ጊዜ የሰበሰባቸው ዕፅዋት ወደ አገሩ ተልከው፣ በ1839 ፍሬዜንዩስ የተባለ ሊቅ ከመካከላቸው ሁለቱን የማጌት ዓይነቶች ለይቶ አንዱን በተምቤን ስም፣ ሁለተኛውን በራሱ በሩፔል ስም ሰየማቸው። ከ1837 ጀምሮ በትግራይ ተቀምጦ፣ አግብቶና ወልዶ፣ በ1878 በዚያው አገር ያረፈው ጀርመናዊው ሺምፐርም እንዲሁ በስሙ የሚጠራ ማጌት አለው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የሁለቱ ፈረንሳውያን ነገር ነው፤ ካርቴን ዲዮን በቆላ ንዳድ ታሞ ሞተ፤ ባልንጀራው ፔቲ ደግሞ በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው፤ የሰበሰቧቸውን ዕፅዋት የዕፅዋት ሊቁ አሺል ሪሻር ከ1847 እስከ 1851 በፓሪስ ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ ሲዘረዝር ሁለቱንም በየአንዳንድ ማጌት ስም አስታወሳቸው። ኢትዮጵያ ከ25 የሚበልጡ የማጌት ዓይነቶች እንዳሏት፣ ከእነዚህም ጥቂቶቹ ከእርሷ በቀር በሌላ አገር የማይገኙ መሆናቸው የታወቀው በዚህ ዓይነት መሥዋዕትነት ነው። ሆኖም እነዚያ ሊቃውንት ማጌቱን አድርቀው በወረቀት መካከል ከማስቀመጥ አልፈው፣ የጨፌው ባለቤት ለምን ለላሙ እንደሚመርጠው ለመጠየቅ አልተጨነቁም።

ቀጥሎ የሚመጣው ዘመን ሊነገር የሚከብድ ነው። በ1887 ለኢጣልያ ጦር ስንቅ ከህንድ ከመጡ ከብቶች ጋር በምፅዋ የገባው የከብት ደስታ በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የኢትዮጵያን ከብት ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል እንደ ፈጀ ይነገራል። በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ ተሳነው፤ ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምች ተከተሉ፤ እስከ 1892 የዘለቀውን ያን ዘመን ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ ጠራው፤ ዳግማዊ ምኒልክም መኳንንቱ እንዳያፍሩ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ። መስኩ ግን ከብት አልባ ሆኖ ሣሩ ብቻውን ይወዛወዝ ነበር።

በዚያው ክፉ ዘመን መካከል፣ በ1888፣ ሁለት ነገሮች እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ ተፈጸሙ። አንደኛው፣ የፈረንሳዩ ሹም ሌዎንስ ላጋርድ የአገሩን ሰፈር ከኦቦክ አንሥቶ በባሕረ ሰላጤው ደቡብ ዳርቻ ባሉት የኮራል አምባዎች ላይ ጅቡቲን መቆርቆሩ ነው። ሁለተኛው ከባሕር ማዶ የሆነ ነው፤ ጀርመናውያኑ ሄልሪግልና ቪልፋርት፣ የአተርና የማጌት ወገን የሆኑ፣ ጥራጥሬ የሚባሉት ዕፅዋት በሥራቸው ላይ ባሉት ጥቃቅን እባጮች አማካይነት ከአየር ናይትሮጂንን ወስደው እንደሚመገቡ ከሁለት ዓመት አስቀድመው የገለጹትን ምርምር በዝርዝር አሳተሙ፤ የሆላንዱ ባየሪንክም በዚያው ዓመት እባጩ ውስጥ የሚኖረውን ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጂን ሆኖ ሳለ ሣር ግን ከዚያ ሁሉ አንዲት ቅንጣት እንኳ በቀጥታ መውሰድ አይችልም፤ ማጌት ይችላል፤ ከባክቴሪያው ጋር ተስማምቶ ምግብ ይሰጠዋል፣ እርሱም ናይትሮጂኑን ይከፍለዋል። ጥሩ ሆኖ የተያዘ የሣርና የማጌት መስክ በዚህ መንገድ በሄክታር በዓመት ከ50 እስከ 200 ኪሎ ግራም የሚደርስ ናይትሮጂን ሊያገኝ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ማጌት ለሣሩ ጎረቤቱ በሕይወት ሳለ የሚሰጠው እጅግ ጥቂት ነው፤ ልግስናው በአብዛኛው የሚገለጠው ሥሩ ሲበሰብስ፣ ቅጠሉም በላም ሆድ አልፎ ሽንትና እበት ሆኖ ሲመለስ ነው። ስለዚህም እንስሳው ከሥርዓቱ ውጭ የቆመ ተመጋቢ ሳይሆን፣ ናይትሮጂኑን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። ከብቱ በደስታ በሽታ በጠፋባቸው በእነዚያ ዓመታት ደግሞ ይህ ዙር ከመካከሉ ተቆርጦ ነበር።

ወደ እንስሳው ሆድ ብንገባ ምክንያቱ ይበልጥ ይታያል። የሚያመሰኩ እንስሳት ገለባን የሚፈጩት ራሳቸው ሳይሆኑ በትልቁ ጨጓራቸው ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ ነፍሳት ናቸው፤ እነዚህም ለመራባት ፕሮቲን ይሻሉ። በመኖው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ ሰባት ወይም ስምንት እጅ በታች ሲወርድ ሥራቸው ይደክማል፤ እንስሳው ሆዱ ሞልቶ ይከሳል። የጤፍ ገለባ ከመቶ አምስት እጅ ገደማ ብቻ የያዘ ነው፤ በአበባው ጊዜ የታጨደ ማጌት ወይም ቬች የተባለው የጥራጥሬ መኖ ግን ከመቶ 18 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የቡላኦስ ፍየል የምትበላው ካርቶንም በዚህ ሚዛን ሲታይ የመጨረሻ ድኻ የሆነ ገለባ ማለት ነው፤ ቃጫው አለ፤ ሆድም ይፈጨዋል፤ ፕሮቲን ግን ከቶ የለውም። ፍየሊቱ የጫቱን ቅጠል ያን ያህል የምትሻማው የጎደለውን ስለምታውቅ ይመስለኛል፤ እንስሳት በዚህ ጉዳይ ከብዙ መምህራን የተሻሉ ናቸው።

ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ነጋዴ ለሼፍኔ በሰጡት ፈቃድ መሠረት የምድር ባቡሩ ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ሐዲዱ ቡናና ቆዳ ሊያወርድ ተሠራ ይባላል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወደብ በቡና አይኖርምና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለወታደሩና ለወደብ ሠራተኛው የሚሆነው አትክልት፣ ፍራፍሬና ሥጋ ከሐረርጌ በኩል ይወርድለት ጀመር።

ስለ ሐረርጌ ሰንጋ ጥቂት ማለት ይገባኛል፤ ምክንያቱም በእኔ ግምት የሣርና የጥራጥሬ ጋብቻ በኢትዮጵያ ምድር ከሁሉ ይልቅ የተራቀቀው እዚያ ነው። የሐረርጌ ደጋ ሕዝብ መሬቱ ጠባብ በመሆኑ የግጦሽ መስክ የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በሬውን ቤት አስሮ በእጁ ያጎርሰዋል። ማሽላውንና በቆሎውን አብዝቶ ይዘራል፤ ከመካከሉም ቦሎቄ ያስገባል፤ ቡቃያው ሲጨናነቅ እየነቀለ ለበሬው ይሰጣል፤ ከዚያ ቅጠሉን ይገፍፋል፤ ከዚያ የቦሎቄውን ሐረግ፣ ከዚያም አገዳውን ያቀርባል። ማሽላም በቆሎም የሣር ወገን ናቸው፤ ቦሎቄው የጥራጥሬ ነው፤ ስለዚህ ይህ ገበሬ መስክ ሳይኖረው የመስክን ሕግ በአንድ ጥማድ እርሻ ላይ ፈጽሞታል። ፍግም ተመልሶ ወደ ማሳው ይገባል። በዚህ ዓይነት የሰባው ሰንጋ በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ ሲወርድ፣ ስለ ሐረርጌ ማሽላና ቦሎቄ ሰምቶ የማያውቅ የወደብ ሰው ሥጋው ጣፋጭ መሆኑን ብቻ ያውቅ ነበር።

በዓለም ሌላ ማዕዘን ደግሞ የማጌት ዘር ገንዘብ ሆኖ ነበር። የፍላንደር ገበሬዎች ቀይ ማጌትን ከእህል ጋር እያፈራረቁ መዝራታቸውን ያየው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ዌስተን በ17ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ልማዱን ወደ አገሩ አስገብቶት ነበር፤ በ1889 ደግሞ በደቡብ አውስትራልያ አሞስ ሃዋርድ የተባለ ገበሬ በሰፈሩ ሳይዘራ የበቀለ፣ ፍሬውን በአፈር ውስጥ የሚቀብር ማጌት አስተውሎ በኋላም ዘሩን መሸጥ በመጀመሩ፣ ያ ተክል ከፎስፌት ማዳበሪያ ጋር ተጣምሮ የዚያችን አገር የበግ እርባታ ለወጠው። ከእኛው ከምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ምድር የተወሰደው የኬንያ ነጭ ማጌትም፣ በኢትዮጵያም የሚበቅለው ያ ተክል፣ ሳፋሪ በተባለ ስም በአውስትራልያ የታወቀ ዘር ሆኗል። የባዕድ ሰው ከጨፌያችን የወሰደውን ዘር በፓኬት አድርጎ ሲሸጥ እኛ ገና በስሙ እንኳ በቅጡ አልመዘገብነውም ነበር፤ ይህን የምለው ለወቀሳ ሳይሆን ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ለመግባት ነው።

ኢትዮጵያ ዘመናዊ የእርሻ ትምህርትን ያጸናችው ከጠላት ወረራ በኋላ ነው። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ በአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ረዳትነት በ1956 በዚያው በሐረርጌ ደጋ ላይ፣ ከምድር ባቡሩ ብዙም ሳይርቅ ሥራውን ቀጠለ፤ በ1966 የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ሆለታም የደጋ ሰብልና መኖ ምርምር ማዕከል ሆነች። በመስከረም 1967 በስዊድን ርዳታ በአሰላ የተከፈተው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ግን፣ የመኖን ጉዳይ ከጽሕፈት ቤት አውጥቶ ወደ ገበሬው ደጅ ያደረሰ በመሆኑ ሰፋ አድርጎ ሊነገርለት ይገባል።

ድርጅቱ ከውጭ ኮርማ ጋር የተዳቀሉ ጊደሮችን ለአርሲ ገበሬ ሲያከፋፍል፣ የተዳቀለችው ላም ከገለባ ብቻ ወተት እንደማትሰጥ ወዲያው ተገነዘበ፤ ስለዚህ የመኖ ቀይ ሥርን የመሰሉ ሰብሎችን ከመሞከሩም በላይ አጃና ቬች ተደባልቀው እንዲዘሩ አስተማረ። ይህ ድብልቅ በኢትዮጵያ ደጋ እስከ ዛሬ በጽናት የቀጠለ የዘመናዊ መኖ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱ ተክሎች የሚደጋገፉት ቃል በቃል ነው። ቬች ብቻውን ሲዘራ ይጋደምና ከሥሩ ይበሰብሳል፤ ከአጃ ጋር ሲሆን ግን በጅማቱ አገዳውን ይዞ ወደ ብርሃን ይወጣል። አጃው ብዛትን ይሰጣል፤ ቬቹ ፕሮቲንን። አጃው ፍሬው ወተት ሲቋጥር፣ ቬቹም ሲያብብ አንድ ላይ ታጭደው ቢደርቁ፣ ድርቆሹ ለምትታለብ ላም ከገበያ መኖ የሚተናነስ አይደለም። ድብልቁ ሌላም ጥቅም አለው፤ ማጌት ወይም አልፋልፋ ብቻውን፣ ያውም ጤዛ ሳለበት የበላች ላም ሆድዋ ተነፍቶ በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች፤ ሣር ሲቀላቀልበት ግን አደጋው ይቀንሳል።

አንድ ሕግም በዚያ ዘመን ተረጋገጠ፤ ድብልቅ መስክ ላይ ዩሪያ የሚበትን ሰው በገዛ እጁ ጥራጥሬውን ይገድላል። ናይትሮጂን በነጻ ያገኘው ሣር ተንጠራርቶ ጥላውን ይጥልበታልና ማጌቱ ብርሃን አጥቶ ይከስማል። ማጌት የሚሻው ፎስፎረስ ነው። ይህን ሳይለዩ ማዳበሪያ ሁሉ አንድ ነው ብለው ያስተማሩ ሰዎች መስኩን ወደ ሣር ብቻ መልሰውት፣ ባለቤቱን በየዓመቱ ዩሪያ ከመግዛት ግዴታ ውስጥ አስገቡት።

በ1974፣ ዙፋኑ በወደቀበት በዚያው ዓመት፣ የዓለም አቀፍ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ በሾላ፣ በደብረ ዘይትና በደብረ ብርሃንም የሙከራ ጣቢያዎችን ያዘ። የሣሩና የማጌቱ ታሪክ ወደ መነሻው የተመለሰው እዚህ ላይ ነው። በሰማንያዎቹ ዓመታት የማዕከሉ ተመራማሪዎች ከየደጋው የማጌት ዘር እየሰበሰቡ በሾላ ዘርተው ሲመለከቱ፣ የተምቤኑ፣ የሩፔልና የካርቴን ዲዮን ስም የተሸከሙት እነዚያው የአገር ማጌቶች፣ ውኃ በሚያቁረው በዋልካ መሬት ላይ ከውጭ የመጡት በሚጠፉበት ቦታ ጸንተው እንደሚበቅሉ፣ ጥቂት ፎስፌት ሲያገኙም ምርታቸው እንደሚበዛ አረጋገጡ። ሊቃውንቱ ከ140 ዓመት በፊት በወረቀት መካከል ያደረቁትን ተክል፣ ተተኪዎቻቸው በመሬት ላይ ዘርተው ጠቃሚነቱን አወቁ ማለት ነው። የተሰበሰበውም ዘር የተቀመጠበት የማዕከሉ የዘር ባንክ፣ ማዕከሉ በ1994 በናይሮቢ ከነበረ ተቋም ጋር ሲዋሐድ፣ የዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ንብረት ሆኖ፣ ዛሬ ከ18,000 የሚበልጡ የመኖ ዕፅዋት ናሙናዎችን ይዟል።

ከጨፌው ላይ ሌላም ትምህርት ነበረ፤ ይህን ግን በቂ ሰው ያስተዋለው አይመስለኝም። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ባለው በሱሉልታ ሜዳ ድርቆሽ የሚታጨደው ዘግይቶ፣ ሣሩ ቢጫ መሆን ከጀመረ በኋላ ስለሆነ፣ ባለሙያዎች ጥራቱ ወርዷል እያሉ ገበሬውን ሲወቅሱት ኖረዋል። ወቀሳው ከመኖው አንጻር ትክክል ነው። ነገር ግን ከአገር ማጌቶቻችን ብዙዎቹ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅሉ ናቸው፤ ማጭዱ ቶሎ ቢወርድባቸው ዘራቸውን ሳያረግፉ ያልቃሉ፤ ጨፌው ማጌቱን እስከ ዛሬ ጠብቆ የቆየው ገበሬው በመዘግየቱ ነው። መፍትሔው መስኩን ከፍሎ አንዱን እጅ በአበባው ጊዜ፣ ሌላውን ዘሩ ከረገፈ በኋላ ማጨድና በየዓመቱ ማፈራረቅ ይመስለኛል።

በ1988 አራተኛው የእንስሳት ልማት ፕሮጀክት በገጠሩ ሰፊ ዘመቻ ጀመረ። ለዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የኢትዮጵያን የግጦሽና የመኖ ሀብት አጠቃለው የጻፉት ዶክተር ዓለማየሁ መንግሥቱ በገለጹት መሠረት፣ መኖን በጓሮ፣ በእህል ሥር፣ በእርከን ላይና በወል ግጦሽ ላይ መዝራትን የመሳሰሉ ስልቶች በአገሪቱ ተሞክረዋል። በጓሮና በእርከን ላይ የተተከለው፣ ባለቤት ስላለው፣ ብዙ ቦታ ጸና፤ በወል ግጦሽ ላይ የተበተነው የጥራጥሬ ዘር ግን ገና ሁለት ቅጠል ሳያወጣ ሁሉም ከብቱን ስለሚያሰማራበት ለፍሬ አልበቃም። የሁሉ የሆነው መስክ የማንም እንዳልሆነ ያወቀች ላም ዘር አታስተርፍም፤ ከመሬቱ ሕግ አስቀድሞ የሰፈሩ ሕግ መስተካከል ነበረበት።

በእነዚያው ዓመታት አንድ የጥራጥሬ ወገን ዛፍ ደግሞ ማንም ሳይቆጣጠረው ሄደ። በረሃን ለማልበስ በመካከለኛው አዋሽና በጅቡቲ የተተከለው ፕሮሶፒስ፣ ፍሬው ለፍየል ምግብ ሆኖ ሳለ፣ ከብቱ በእበቱ እየዘራው በአፋር ሜዳና በጅቡቲ ወንዞች ዳር የነበረውን ሣር አጥፍቶ በእሾኹ ዘጋው። ጥራጥሬ ሁሉ በረከት ነው ለሚል ሰው ይህ ዛፍ በቂ መልስ ነው፤ ጥቅሙ በድብልቁ ሚዛን ላይ ነውና።

በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ የኢትዮጵያ ንግድ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ያን ጊዜ ግን የቁም እንስሳ ገበያ ተዘግቶ ነበር፤ በ1998፣ ይልቁንም በመስከረም 2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳውዲ ዓረቢያና በየመን ከተከሠተ በኋላ፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣን እንስሳ ከለከሉ። በ2006 ከከተማዋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በዳመርጆግ በኩል ክልላዊ የእንስሳት ማቆያ ጣቢያ ሲከፈት፣ ከኢትዮጵያ ቆላ የሚመጣው በግ፣ ፍየል፣ ግመልና ሰንጋ ከመርከብ በፊት ደሙ እየተመረመረ ሳምንታት የሚቆይበት ቦታ አገኘ። በእነዚያ ሳምንታት ግን መብላት አለበት፤ በዙሪያውም ሣር የለም። ስለዚህ እንስሳው በመጣበት መንገድ ድርቆሹም ተከትሎት ይወርዳል፤ ከእንስሳው ዋጋ ላይም ከፍተኛው ወጪ የመኖው ይሆናል። ከብዛቱ ይልቅ ጥራቱ የሚታሰብበትም እዚህ ነው፤ በአንድ የጭነት መኪና ላይ የሚጫነው ገለባና የሚጫነው አጃና ቬች ክብደታቸው አንድ፣ የመንገዱም ኪራይ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ከበረሃው ማዶ ሲራገፉ አንዱ የሚያቆየው ሕይወት ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ሥጋ ይጨምራል። ነጋዴዎች ይህን ስሌት ቢያውቁት ከአሰላና ከሐረርጌ ጋር ውል ለመግባት ቀን አይጠብቁም ነበር።

ባለአንድ ሜትሩ ሐዲድ አርጅቶ ከቆመ በኋላ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በጥቅምት 2016 ተመርቆ፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከቡላኦስ ብዙም በማይርቀው ነጋድ ጣቢያ ይቆማል። በ2017 ደግሞ ከሱማሌ ክልል ከሐደጋላ የከርሰ ምድር ውኃ በቧንቧ ወደ ጅቡቲ መፍሰስ ጀመረ። በኢትዮጵያ በኩል በኅዳር 2022 የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር ሲታወጅ ወተት ከአራቱ ዋና ግቦች አንዱ ሆኖ፣ የመኖ እጥረት የሚለው አሮጌ ቃል እንደገና በየስብሰባው ይነሣ ጀመር።

በቡላኦስ ዳርቻ በአምቡሊ ያሉት የአትክልት ቦታዎች ከከተማይቱ ምሥረታ ዘመን ጀምሮ በጉድጓድ ውኃ ይለማሉ፤ በሚያዝያ 2004 ደረቁ ወንዝ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ሞልቶ ብዙ ሰው ሲፈጅ አፈራቸውም ተጠርጎ ነበር። ውኃቸው ጨው ስለሚቀምስ ሁሉ ነገር አይበቅልባቸውም፤ ጨውን በመታገሥ የታወቀው ሮደስ ሣር ግን ለእንዲህ ያለው ስፍራ የሚስማማ ነው፤ በእርሱ መካከል መስመር ይዞ አልፋልፋ ቢገባ፣ ወይም ዳር ዳሩን ሰስባንያ የተባለው የጥራጥሬ ወገን ዛፍ ቢተከል፣ ውኃው ለአንድ ሲፈስ ለሁለት ይበቃል፤ ቅጠሉም እየታጨደ ለፍየሎቹ ቢሰጥ የካርቶኑን ጉድለት ይሞላል። ለዚህ የሚሆነው የሮደስ፣ የአልፋልፋ፣ የአጃና የቬች ዘር በአዲስ አበባ ይሸጣል። የደጋውን ማጌት ለጨፌው የሚፈልግ ሰው ግን እንደ እነዚህ በኪሎ አያገኘውም፤ ለጊዜው የሚያዋጣው፣ ድርቆሹ ተነሥቶ ካለቀ በኋላ ከክምሩ ሥር የቀረውን ብናኝ ጠርጎ ማስቀመጥና በሰኔ መጀመሪያ ዝናብ በተራቆተው ጥግ ላይ መበተን፣ ቦታውንም እስከ ጥቅምት ከከብት ማጠር ነው።